ጃኔት ራውሊ፦ የደም ካንሰርን ምሥጢር ከክሮሞሶሞች ላይ ያነበቡት ሐኪም

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ በተቆራረጡ ትናንሽ ፎቶግራፎች ይሸፈን ነበር። ፎቶግራፎቹ በማይክሮስኮፕ የተነሡ የክሮሞሶም ምስሎች ናቸው። የቤቱ እመቤት ዶክተር ጃኔት ራውሊ ምስሎቹን በመቀስ እየቆረጡ፣ ጥንድ ጥንዳቸውን ጎን ለጎን እየደረደሩ፣ በደም ካንሰር ከተያዙ ሰዎች የተገኙት ክሮሞሶሞች ከጤናማዎቹ በምን እንደሚለዩ ይመረምራሉ። አራት ወንዶች ልጆቻቸው እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሐኪሟ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተመለከቱት ነገር የካንሰር ምርምርን አቅጣጫ ለወጠ። አንድ የተወሰነ የካንሰር ዓይነት ከአንድ የተወሰነ የክሮሞሶም ለውጥ ጋር ደጋግሞ አብሮ እንደሚገኝ ማሳየት ቻሉ። ከ28 ዓመታት በኋላ ያንኑ ለውጥ ለይቶ የሚቋቋም መድኃኒት ለገበያ ቀረበ፤ ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረ የደም ካንሰርም በየዕለቱ በሚዋጥ መድኃኒት የሚቆጣጠሩት ሕመም ሆነ። ይህ መድኃኒት ዛሬ በአዲስ አበባ ለሚታከሙ ኢትዮጵያውያንም ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ ሐኪሟ ማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳገኙ፣ ግኝታቸውም ለታማሚዎች ምን እንዳስገኘ ያብራራል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ነው።

ኮታው የሞላባቸው ተማሪ

ጃኔት ዴቪሰን ራውሊ ኤፕሪል 5 ቀን 1925 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና በ15 ዓመታቸው፣ ብሩህ ወጣቶችን ቀድሞ በሚቀበል ልዩ መርሐ ግብር አማካይነት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀመሩ። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ሲያመለክቱ ግን ከ65 ተማሪዎች መካከል ለሴቶች የተፈቀደው ቦታ ሦስት ብቻ ነበር። ሦስቱም ቦታዎች ቀድመው በመያዛቸው ዘጠኝ ወር መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

በ1948 በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ። በማግሥቱም በኋላ የፓቶሎጂ ተመራማሪ የሆኑትን ዶናልድ ራውሊን አገቡ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ ይሠሩ ነበር። ከሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሕፃናት የሚከታተል ክሊኒክ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ይገኙበታል። በ1959 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድረም በአንድ ተጨማሪ ክሮሞሶም ምክንያት እንደሚከሰት ይፋ ሲያደርጉ፣ የራውሊ ሐሳብ ወደ ክሮሞሶም ጥናት አዘነበለ።

በ1961 ባለቤታቸው ለምርምር ወደ እንግሊዝ ኦክስፎርድ ሲሄዱ አብረው ተጓዙ፤ በዚያም ክሮሞሶምን የማጥናት ዘዴ ተማሩ። ወደ ቺካጎ ሲመለሱ፣ በዩኒቨርሲቲው የደም ሕመሞች ሊቅ ለነበሩት ለሌዮን ጃኮብሰን አንድ ጥያቄ አቀረቡ። የጠየቁት የሚሠሩበት ቦታ፣ ማይክሮስኮፕ እና ቢያንስ ለልጆቻቸው ሞግዚት ለመክፈል የሚበቃ ደመወዝ ነበር። ጃኮብሰን ተስማሙ። የሉኬሚያ ታማሚዎቻቸውን ናሙናም እንዲመረምሩ ሰጧቸው።

በወቅቱ ምን ይታወቅ ነበር?

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ አስኳል ውስጥ የውርስ መመሪያችን የሆነው ዲኤንኤ በክሮሞሶሞች ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ክሮሞሶሞቹ 46 ናቸው፤ 23ቱን ከእናት፣ 23ቱን ከአባት እንወርሳለን። ሃያ ሁለቱ ጥንዶች በአብዛኛው በመጠናቸው ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 22 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የቀረው ጥንድ ጾታን ይወስናል። ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን ትእዛዞች የያዙት ዘረ መሎች በእነዚህ ክሮሞሶሞች ላይ ተሰድረው ይገኛሉ። የሰው ክሮሞሶሞች ብዛት 46 መሆኑ በትክክል የታወቀው በ1956 ስለሆነ፣ ራውሊ ወደ ሙያው ሲገቡ ዘርፉ ገና ለጋ ነበር።

ካንሰር ከክሮሞሶም መዛባት ሊመነጭ ይችላል የሚለውን መላ ምት ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ቴዎዶር ቦቬሪ በ1914 አቅርበው ነበር። ማረጋገጫ ግን አልነበረም። የመጀመሪያው ተጨባጭ ፍንጭ የተገኘው በ1960 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ነው። ፒተር ኖውል እና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ፣ በአጭሩ ሲኤምኤል፣ በሚባለው የደም ካንሰር የተያዙ ሰዎችን ሕዋሳት ሲመረምሩ ከተለመደው ያጠረ አንድ ክሮሞሶም አገኙ። ክሮሞሶሙም በከተማዋ ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ተባለ።

ሲኤምኤል በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚጀምር ሕመም ነው። መቅኔው ነጭ የደም ሕዋሳትን ከልክ በላይ ያመርታል። ሕመሙ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ካልታከመ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፈጣንና ገዳይ ደረጃ ይሸጋገራል።

የፊላደልፊያው ግኝት ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ቀረ። ያጠረው ክሮሞሶም የጎደለው ክፍል የት ገባ? ደግሞስ ይህ መዛባት የካንሰሩ መንሥኤ ነው ወይስ ካንሰሩ ያስከተለው ጉዳት? በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ወደ ሁለተኛው ያዘነብሉ ነበር። የካንሰር ሕዋሳት ክሮሞሶሞች የተመሰቃቀሉ ስለሆኑ፣ ከዚያ ምስቅልቅል ውስጥ ሥርዓት ያለው ነገር ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነበር።

ቁራጩ አልጠፋም

ችግሩ በከፊል የማየት ችግር ነበር። ክሮሞሶሞች በአሮጌው የማቅለሚያ ዘዴ ሲታዩ ወጥ ቀለም ያላቸው ዘንጎች ይመስላሉ። መጠናቸው የተቀራረበውን አንዱን ከሌላው መለየት አዳጋች ነው። በ1970 ገደማ በስዊድን ቶርብዮርን ካስፐርሰን እና ሎሬ ዜክ ክሮሞሶሞችን በልዩ ቀለም አቅልመው ደማቅና ደብዛዛ መስመሮች እንዲታዩባቸው ማድረግ ቻሉ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱ የሆነ የመስመር አሰላለፍ ስላለው፣ ከእንግዲህ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። ራውሊ በዚያው ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ኦክስፎርድ አቅንተው ይህን ዘዴ ተማሩ።

ወደ ቺካጎ ተመልሰው የሉኬሚያ ታማሚዎችን ናሙና በአዲሱ ዘዴ ሲመረምሩ፣ በ1972 አኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ ከሚባለው ፈጣን የደም ካንሰር በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከክሮሞሶም 8 እና ከክሮሞሶም 21 የተሰበሩ ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠዋል። ትራንስሎኬሽን የሚባለው ይህ የቦታ መለዋወጥ ከአንድ በላይ በሆኑ ታማሚዎች ላይ በተመሳሳይ መልክ ታየ።

ቀጥለው ወደ ሲኤምኤል ዞሩ። በታማሚዎቹ ሕዋሳት ውስጥ ያጠረው ክሮሞሶም 22 መሆኑን ለዩ። ከዚያ ግን ከእርሳቸው በፊት ማንም ያላስተዋለውን ተመለከቱ። ክሮሞሶም 9 ጫፉ ላይ ከተለመደው ረዝሟል፤ የረዘመበት መጠንም ከ22 ላይ ከጎደለው ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ቁራጩ አልጠፋም፤ ከአንዱ ክሮሞሶም ወደ ሌላው ተሻግሯል። ራውሊ ይህን ግኝት በጁን 1973 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አወጡ።

ሰፊው የሳይንስ ማኅበረሰብ ግኝቱን ወዲያው አልተቀበለውም። ራውሊ ግን ምስሎችን መቁረጥና ማነጻጸር ቀጠሉ። በ1977 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሦስተኛውን ትራንስሎኬሽን ይፋ አደረጉ። ይህኛው አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኬሚያ በሚባለው ሌላ የደም ካንሰር ላይ የሚታይ፣ በክሮሞሶም 15 እና 17 መካከል የሚከናወን ልውውጥ ነው። አሁን ሥርዓቱ እየጎላ መጣ። የተለያዩ ሉኬሚያዎች የተለያየ፣ ነገር ግን በየታማሚው የሚደጋገም አሻራ አላቸው። በአጋጣሚ የሚፈጠር ምስቅልቅል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተደጋገመ ነበር።

ሁለት ዘረ መሎች ሲጣበቁ

ክሮሞሶሞቹ በተሰበሩበት ቦታ ምን እንዳለ የታወቀው የሞለኪውል ምርምር ሲራቀቅ ነው። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በኔዘርላንድስና በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ኤቢኤል የተባለ ዘረ መል ከክሮሞሶም 9 ተነሥቶ ወደ ክሮሞሶም 22 እንደሚሻገር፣ በዚያም ቢሲአር ከተባለ ዘረ መል ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ። ልውውጡ በሁለቱም አቅጣጫ የሚካሄድ መሆኑም ተረጋገጠ።

ከጥምረቱ በጤናማ ሕዋስ ውስጥ የማይገኝ ፕሮቲን ይሠራል። ኤቢኤል በተፈጥሮው ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም እንዲመረት ያዝዛል። የኢንዛይሙ ሥራ ወደ ሕዋሱ የመከፋፈል ምልክት ማስተላለፍ ሲሆን፣ በጤናማው ሁኔታ በሚያስፈልግበት ጊዜ ይሠራል፤ በማያስፈልግበት ጊዜ ያርፋል። ከቢሲአር ጋር ሲጣበቅ ግን ማጥፊያው እንደተበላሸ መብራት ያለማቋረጥ ይሠራል። ሕዋሱ «ተከፋፈል» የሚል ትእዛዝ ሳያቋርጥ ስለሚደርሰው ይባዛል።

የመንሥኤ ወይስ የውጤት ጥያቄ የመጨረሻ መልስ ያገኘው በ1990 ነው። ተመራማሪዎች ይህን የተጣመረ ዘረ መል በአይጦች የመቅኔ ሕዋሳት ውስጥ ሲያስገቡ፣ አይጦቹ ሲኤምኤልን በሚመስል ሕመም ተያዙ። ራውሊ በምስል ያዩት ስብራት የሕመሙ መነሻ ነበር።

ከምስል ወደ መድኃኒት

መንሥኤው ታውቆ፣ ፕሮቲኑም በጤናማ ሕዋሳት ውስጥ አለመኖሩ ሲረጋገጥ አዲስ ሐሳብ መጣ። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ጤናማም ሆኑ ካንሰር ሳይለይ ይመታል። ያንን ብልሹ ኢንዛይም ብቻ ለይቶ የሚያስቆም መድኃኒት ቢገኝስ?

ሲባ-ጋይጊ በተባለው የስዊዘርላንድ የመድኃኒት ኩባንያ በኒኮላስ ላይደን የሚመራ ቡድን እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞችን የሚገቱ ውህዶችን ሲያዘጋጅ፣ በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የሚሠሩት የካንሰር ሐኪም ብራያን ድሩከር ውህዶቹን በሲኤምኤል ሕዋሳት ላይ ፈተኑ። ከመካከላቸው አንዱ የካንሰር ሕዋሳቱን ሲገድል ጤናማዎቹን ብዙም አልጎዳም። ይህ ውህድ ኢማቲኒብ ይባላል፤ የንግድ ስሙ ግሊቬክ ነው። ኢንዛይሙ ኃይል በሚቀበልበት ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።

በሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ በጁን 1998 ተጀመረ። ሌላ ሕክምና አልሠራ ካላቸው በኋላ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 ታማሚዎች መካከል በ53ቱ የደም ሕዋሳት ብዛት ወደ ጤናማው መጠን ተመለሰ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሜይ 10 ቀን 2001 መድኃኒቱን አጸደቀ። ሕክምናቸውን በኢማቲኒብ የጀመሩ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት 83 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል።

በአንዳንዶች ላይ ኢንዛይሙ ቅርጹን እየቀየረ መድኃኒቱን ይቋቋማል። ለእነዚህ ታማሚዎች ዳሳቲኒብ፣ ኒሎቲኒብና ፖናቲኒብን የመሳሰሉ ተከታይ መድኃኒቶች ተሠርተዋል።

ራውሊ በ1977 ያገኙት የ15 እና የ17 ልውውጥም የራሱ መድኃኒት አለው። የሻንጋይ ሐኪሞች ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር፣ የሀርቢን ሐኪሞች ደግሞ አርሴኒክ ይህን ካንሰር እንደሚያክሙ በሥራ አሳዩ። ሁለቱም ከልውውጡ የተፈጠረውን ብልሹ ፕሮቲን እንደሚያጠቁ በኋላ ታወቀ። ከደም ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት በመግደል ይታወቅ የነበረው ይህ ሕመም፣ ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኞቹ ታማሚዎች የሚድኑበት ሆኗል።

የዋጋ ጥያቄ

ሳይንሱ የሰጠውን ዋጋው የሚነፍግበት ጊዜ ነበር። ግሊቬክ በአሜሪካ ሲጀምር ለአንድ ዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ያስወጣ ነበር። በ2012 ከ90 ሺህ ዶላር አለፈ። በ2013 ከ100 የሚበልጡ የሲኤምኤል ባለሙያዎች፣ መድኃኒቱን ካጠኑት ዶክተር ድሩከር ጭምር፣ የእነዚህን መድኃኒቶች ዋጋ የሚነቅፍ ጽሑፍ በጋራ አወጡ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምራቹ ኖቫርቲስ ለግሊቬክ የጠየቀውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ውድቅ አደረገ። ውሳኔው በሕንድ ርካሽ የሆኑ ተመሳሳይ መድኃኒቶች መመረታቸው እንዲቀጥል አስቻለ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካተተ።

መድኃኒቱ በኢትዮጵያ

ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር ግሊቬክን መግዛት ለማይችሉ ታማሚዎች በነፃ የሚያቀርብ መርሐ ግብር ከ2002 ጀምሮ አካሂዷል። ኢትዮጵያ ከተጠቃሚ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ታማሚዎች መድኃኒቱን የሚያገኙት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሚደረግ ክትትል ነው።

የአፍሪካ ታማሚዎች በአማካይ ከምዕራባውያኑ በዕድሜ እንደሚያንሱ ጥናቶች ያመለክታሉ። በሌላ አነጋገር፣ ሕመሙ የሚያገኘው ልጆች የሚያሳድገውን፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ ከሩቅ ክፍለ አገር ለክትትል ወደ መዲናዋ መመላለስ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሌላው ፈተና ምርመራው ነው። ኢማቲኒብ የሚሠራው የተጣመረው ዘረ መል መኖሩ በምርመራ ለተረጋገጠለት ሰው ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም የዘረ መሉ መጠን እየቀነሰ መሄዱን በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በብዙ አገሮች የሚታወቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፣ ተስማሚው የመመርመሪያ ካርትሪጅ ከቀረበለት ይህንን ልኬት ማከናወን መቻሉ ለታዳጊ አገሮች ጠቃሚ አማራጭ ሆኗል።

ታማሚዎችና ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

ሲኤምኤል ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ፣ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ የደም ምርመራ ይገኛል። ምልክት ሲኖረው ደግሞ የማይለቅ ድካም፣ ያለምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ እንዲሁም ከጣፊያ ማበጥ የተነሣ በግራ ጎን በኩል የሚሰማ የመጠቅጠቅ ስሜት ይታያል። እነዚህ ምልክቶች በሌሎች ብዙ ሕመሞችም ላይ ስለሚታዩ፣ ለይቶ የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው። የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ በሰውዬው ሕይወት ዘመን በአንድ የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ወላጅ ሕመሙን ለልጁ አያስተላልፍም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

መድኃኒቱ በየዕለቱ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ደኅና ነኝ ብሎ በራስ ውሳኔ ማቆም ሕመሙ እንዲያገረሽ በር ይከፍታል። ለረጅም ጊዜ ጥሩ ውጤት ያሳዩ አንዳንድ ታማሚዎች መድኃኒቱን ማቆም እንደሚችሉ ጥናቶች ቢያሳዩም፣ ይህ የሚደረገው በሐኪም ውሳኔና በጥብቅ የምርመራ ክትትል ብቻ ነው። ኢማቲኒብ የሚወሰደው ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ስለሆነ፣ የሚጾሙ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ሰዓቱን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩ ይመከራል። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴትም እንዲሁ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል። አንዳንድ ዕፀዋት መድኃኒቱን ሊያዳክሙት ስለሚችሉ፣ የሚወሰድ ባህላዊ መድኃኒት ካለ ለሐኪም መንገር ይገባል።

የራውሊ ቅርስ

ለራውሊ ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1998 ከፒተር ኖውልና ከአልፍሬድ ክኑድሰን ጋር የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ። በ2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ክብር፣ የፕሬዚዳንታዊውን የነፃነት ሜዳልያ፣ አጠለቁላቸው። ዲሴምበር 17 ቀን 2013 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የካንሰር ሕክምና ሲጀመር፣ ካንሰሩ የት አካል ላይ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት የሞለኪውል አሻራ እንዳለውም ይጠየቃል። የአንዳንድ የጡትና የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች መድኃኒት የሚመረጠው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም ሲኤምኤልን ያህል ለአንድ መድኃኒት የሚበገር ካንሰር ጥቂት ነው። በሲኤምኤል ላይ ሕመሙን የሚነዳው አንድ ዋና ስሕተት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ካንሰሮች ብዙ ስሕተቶችን አከማችተው የሚያድጉ ናቸው። ራውሊን ለሞት ያበቃቸው የእንቁልጢ ካንሰርም ክሮሞሶሞች እጅግ ከሚዛቡባቸው ካንሰሮች ወገን ነው። ሐኪሟ ሕይወታቸውን ሙሉ የጠየቁት ጥያቄ፣ ከምስቅልቅሉ ውስጥ መንሥኤው የቱ ነው የሚለው፣ ለእነዚህ ካንሰሮች ገና እየተጠየቀ ነው።